የኬንታኪው የኖኅ መርከብ፦ ጎብኚው መጣ፣ ገንዘቡ ግን የት ገባ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ አጠገብ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ኬንታኪ ያለውን የኖኅ መርከብ ለማየት ሄደን ነበር። የመኪና ማቆሚያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ስንመለስ ነዳጅ ልንቀዳ ዊሊያምስታውን ከተማ ብንገባ ግን ዋናው መንገድ ጭር ብሎ አገኘነው። አንዱ ጓደኛችን መርከቡ በመንግሥት ገንዘብ ነው የተሠራው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የመንግሥት አንዲት ሳንቲም የለበትም ይላል። የትኛው ነው ትክክል? ያን ያህል ሰው የሚመጣበት ቦታ አጠገቡ ያለችውን ከተማ ካልጠቀመስ ለምንድን ነው? እኛ ባለንበት ትንሽ ከተማም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው የመጡ ሰዎች አሉ፤ ምክር ቤቱ የነዋሪውን አስተያየት ለመስማት ቀጠሮ ስለያዘ ምን ብለን እንጠይቅ?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ጓደኞችዎ የእውነቱን አንድ አንድ ጫፍ ይዘዋል። መርከቡን ያሠራው «አንሰርስ ኢን ጀነሲስ» የተባለው፣ ከመሥራቾቹ አንዱ በትውልድ አውስትራሊያዊው ኬን ሃም የሆነው የወንጌል አገልግሎት ድርጅት ነው። ለግንባታው ከወጣው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ አብዛኛው የተገኘው ከምእመናን መዋጮና ከቦንድ ሽያጭ ነው። እንጨቱና ሚስማሩ የተገዛው ከግዛቱ ካዝና በተቆረጠ ቼክ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ሁለተኛው ጓደኛዎ ልክ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ገንዘብ የሚባለው ከካዝና የወጣው ብቻ አይደለም። ወደ ካዝና መግባት ሲገባው በውል እንዳይገባ የተደረገውም የሕዝብ ገንዘብ ነው። የዋናው መንገድ ጭር ማለትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዲሴምበር 2010 የኬንታኪ ገዥ የነበሩት ዴሞክራቱ ስቲቭ በሺር ከድርጅቱ ሰዎች ጎን ቆመው ፕሮጀክቱን ለሕዝብ አስተዋወቁ። በግዛቱ አሥር በመቶ አካባቢ የሚሆነው ሠራተኛ ሥራ ያጣበት ጊዜ ነበር። የተሰጠው ተስፋ በቁጥር የተቀመጠ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት 1.6 ሚሊዮን ጎብኚ፣ 900 የሥራ ቦታ፣ 214 ሚሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ ጥቅም። ቁጥሮቹ የተገኙት የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ራሳቸው ካሠሩት ጥናት ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። ድጋፍ የሚጠይቀው ወገን ያሠራው ጥናት በገዥ አፍ አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ የመንግሥት ትንበያ መስሎ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ተመልሶ አይመረምረውም።

መርከቡ ለሕዝብ የተከፈተው በጁላይ 2016 ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን 300 ክንድ ተከትሎ 510 ጫማ ርዝመት ይዞ ተሠራ። እንደ ዕደ ጥበብ ካየነው የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ አሚሽ የተባሉት፣ በጥንታዊ አኗኗራቸው የሚታወቁ ክርስቲያኖች አናጢዎች ጭምር የሠሩበት ትልቅ የእንጨት ሕንፃ ነው። ጎብኚም አልጠፋም። ድርጅቱ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው መጣ ብሏል። በትኬት ላይ የተጣለ ክፍያ መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ በወጣው መረጃ ደግሞ ከ2017 አጋማሽ እስከ 2018 አጋማሽ ወደ 860 ሺህ ትኬት ተሸጧል። ሕፃናት በነፃ ስለሚገቡ ትክክለኛው የጎብኚ ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል። ከተተነበየው ቢያንስም፣ ከ4 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ላላት ዊሊያምስታውንና ከተማዋ ላለችበት፣ 25 ሺህ ያህል ሰው ለሚኖርበት ግራንት ካውንቲ (ካውንቲ የግዛቱ የአስተዳደር ክፍል ነው) ትልቅ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ሰው ስላልመጣ ነው» የሚለው መልስ አያስኬድም። ሰው መጥቷል። ጉድለቱ የውሉ አሠራር ላይ ነው።

ውሉ ብዙ ክፍሎች አሉት። የካውንቲው የኢንዱስትሪ ልማት ባለሥልጣን 98 ኤከር መሬት በ1 ዶላር ሰጥቷል፤ ወደ 200 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብም ጨምሯል። ከ75 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚወስደውን መውጫና መንገድ ግዛቱ 10 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ አሰፋ። እነዚህን ብዙ አልከራከርባቸውም፤ መንገድ ሁሉም ይነዳበታል። ክብደት ያላቸው ቀጣዮቹ ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው የሽያጭ ታክስ ተመላሽ ነው። በኬንታኪ የቱሪዝም ልማት ሕግ መሠረት ከሌላ ግዛት ጎብኚ የሚስብ ፕሮጀክት፣ ካወጣው ወጪ እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን በ10 ዓመት ውስጥ ከሰበሰበው የሽያጭ ታክስ መልሶ መውሰድ ይችላል። ለመርከቡ የተፈቀደው ጣሪያ ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት ሲካፈል ወደ 1.8 ሚሊዮን ይሆናል። አሁን አብረን እናስላ። የኬንታኪ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው። ሲከፈት የአዋቂ ትኬት 40 ዶላር ነበር፤ ታክሱ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይመጣል። 1.8 ሚሊዮን ዶላር ታክስ እንዲሰበሰብ የ30 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ያስፈልጋል። በዚያ የትኬት ዋጋና በዚያ የጎብኚ ቁጥር ደግሞ የዓመቱ ሽያጭ ከዚያው አካባቢ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ እርስዎና ወጣቶቹ በሩ ላይ ከከፈላችሁት ታክስ ግዛቱ እጅ የሚቀረው፣ በአሥሩ ዓመት ውስጥ፣ እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ከካዝና አልወጣም» የሚለው አነጋገር ቃል በቃል እውነት ሆኖ ሳለ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቦንዱ ነው። ግራንት ካውንቲን የጎዳው በእኔ ግምት ይኸኛው ነው፤ የተወራለት ግን በጣም ትንሽ ነው። በ2013 መጨረሻ የዊሊያምስታውን ከተማ 62 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ለፕሮጀክቱ አወጣች። ዕዳውን የመክፈል ግዴታ ከተማዋ ላይ የለም። ፕሮጀክቱ ቢከስር የሚጎዳው ቦንዱን የገዛው ሰው ነው፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ የአገልግሎቱ ደጋፊዎች ነበሩ። ይህ ጥንቃቄ ሊመሰገን ይገባል። ቦንዱ የሚከፈለው ግን ከምንድን ነው? በመርከቡ ዙሪያ 1.25 ማይል ድረስ ያለው መሬት በልዩ ቀጠና ተከለለ። በዚያ ቀጠና ውስጥ ንብረት ዋጋው ሲጨምር ከሚመጣው ተጨማሪ የንብረት ታክስ 75 በመቶው ለ30 ዓመት ቦንዱን ለመክፈል ይሄዳል። በዚያ ላይ በቀጠናው የሚሠራ ሠራተኛ ከደመወዙ 2 በመቶ ይቆረጥበታል፤ እሱም ለቦንዱ ነው። በሰዓት 10 ዶላር የሚከፈላት የትኬት ሠራተኛ ከእያንዳንዱ ሰዓት 20 ሳንቲም የምታዋጣው የምትሠራበት ቦታ የተገነባበትን ዕዳ ለመክፈል ነው። በሌላ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያለው የደመወዝ ታክስ ፖሊስ ይቀጥርበታል፣ መንገድ ይጠግንበታል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ካውንቲ ትልቅ መስህብ ሲመጣለት ገንዘብ የሚያገኝባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፤ ዋነኞቹ የንብረት ታክስና የደመወዝ ታክስ ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው አስቀድመው ለ30 ዓመት ተፈርመው ተሰጥተዋል። የሽያጭ ታክስ በኬንታኪ የግዛቱ እንጂ የካውንቲው አይደለም፤ እሱም ቢሆን ተመላሽ ይደረጋል። የቀረው ተስፋ ጎብኚው ከመርከቡ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ይበላል፣ ያድራል፣ ይገዛል የሚለው ብቻ ነው።

ያ ለምን እንዳልሆነ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል። መውጫ 154 ላይ ከአውራ ጎዳናው ሲወጡ መርከቡ በአንድ ወገን ነው፣ የከተማዋ መሐል ደግሞ በሌላው ወገን። መኪናዎን ያቆማሉ፣ የድርጅቱ አውቶቡስ ይወስድዎታል፣ ምሳዎን 1,500 ያህል ሰው በሚያስተናግደው በራሱ ምግብ ቤት ይበላሉ፣ ማስታወሻ ዕቃ ከራሱ ሱቅ ይገዛሉ፣ ተመልሰው አውራ ጎዳናው ላይ ይወጣሉ። በማግስቱ ብዙዎች የሚሄዱት በፒተርስበርግ ወዳለው፣ ይኸው ድርጅት በ2007 ወደ ከፈተው የፍጥረት ሙዚየም ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ሲንሲናቲ አየር ማረፊያ ይጠጋል፤ የሚያድሩትም እዚያ አካባቢ ነው። አጎራባቿ ድራይ ሪጅ ያሉ ሆቴሎች ተጠቅመዋል፤ ይህን መካድ ትክክል አይሆንም። የዊሊያምስታውን መሐል ግን በጎብኚው መንገድ ላይ አልነበረም። ጎብኚውን ወደዚያ የሚወስድ ምንም ነገር በውሉ ውስጥ አልተጻፈም።

በ2017 ውጤቱ ይፋ ወጣ። ግራንት ካውንቲ የበጀት ቀውስ ውስጥ ገብቶ ነበር። የካውንቲው አስተዳዳሪ ስቲቭ ዉድ መርከቡ ሲመጣ ሁሉም ነገር አብሮት ይመጣል ብለው ካመኑት አንዱ እንደነበሩ፣ ነገር ግን እንዳልሆነ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ዉድ የፕሮጀክቱ ጠላት አልነበሩም፤ ቃላቸው ክብደት ያለውም ለዚህ ነው። ለቀውሱ ሌሎች የቆዩ ምክንያቶች ስለነበሩ መርከቡ ካውንቲውን አከሰረ ማለት ሐሰት ይሆናል። መርከቡ አላዳነውም ማለት ግን እውነት ነው፤ ቃል የተገባው ደግሞ እንዲያድነው ነበር።

በዚያው ዓመት የሆነውን አንድ ነገር ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ። ከተማዋ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለድንገተኛ ሕክምና የሚውል ከእያንዳንዱ ትኬት 50 ሳንቲም የሚያስከፍል ደንብ አወጣች። በዓመት 860 ሺህ ትኬት ሲሸጥ 430 ሺህ ዶላር ይሆናል፤ ለትንሽ ከተማ አዲስ የእሳት አደጋ መኪና የሚያስገዛ ገንዘብ ነው። ድርጅቱ የሃይማኖት ተቋም ስለሆንኩ ልዩ አስተያየት ይደረግልኝ ብሎ ተከራከረ። ቀጥሎም 48 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተውን ንብረት ለትርፍ የሚሠራ ተብሎ ከተመዘገበው ኩባንያው ወደ ራሱ በጎ አድራጊ ድርጅት በ10 ዶላር አዛወረው። የግዛቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ይህን ሲያይ የታክስ ተመላሹን አገደ፤ ውሉ የተፈረመው ለትርፍ ከሚሠራው ኩባንያ ጋር ነበርና። በቀናት ውስጥ ንብረቱ ወደ ቀድሞው ባለቤት ተመለሰ፣ ተመላሹም ቀጠለ፣ ድርጅቱም 50 ሳንቲሙን ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው፦ ነገሩን ያስተካከለው የማንም በጎ ፈቃድ አልነበረም፤ በውሉ ውስጥ የባለቤቱ ማንነት በግልጽ መጻፉ ነው።

የሃይማኖቱ ጉዳይስ? ሲነሳ የኖረው ክርክር ስለ እሱ ነበር። በ2014 መጨረሻ የግዛቱ የቱሪዝም ኃላፊ ድርጅቱ ሠራተኛ የሚቀጥረው በእምነት መግለጫ ስለሆነና ዓላማው ወንጌል መስበክ ስለሆነ ድጋፉ አይሰጥም ብለው ከለከሉ። ድርጅቱ በ2015 ከሰሰ፤ በጃንዋሪ 2016 የፌዴራል ዳኛው ግሬጎሪ ቫን ታተንሆቭ ፈረዱለት። ለሁሉም ክፍት የሆነ የቱሪዝም ፕሮግራም ሃይማኖተኛ ስለሆንክ ብሎ አንዱን ሊያገል አይችልም የሚል ነው የፍርዱ ፍሬ ነገር። አዲሱ ገዥ ማት ቤቪን ይግባኝ አልጠየቁም፤ ድጋፉም ጸደቀ። በእኔ አመለካከት ፍርዱ ትክክል ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፦ በእነዚያ ዓመታት አገር ምድሩ ስለ ሕገ መንግሥት ሲከራከር፣ «ይህ ውል ለግራንት ካውንቲ ያዋጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ደጋፊው እምነቴ ተነካ አለ፤ ተቃዋሚው ሃይማኖት በመንግሥት ገንዘብ ተሰበከ አለ፤ ሒሳቡ መሐል ላይ ወድቆ ቀረ።

ሃይማኖታዊ ስላልሆነ ብቻ የተሻለ ውጤት ያመጣ መስህብም በቀላሉ አይገኝም። ከግራንት ካውንቲ ብዙም ሳይርቅ ስፓርታ ላይ የኬንታኪ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አለ። ናስካር የተባለው የአሜሪካ የመኪና እሽቅድድም ማኅበር ትልቁ ውድድር እንዲመጣለት ግዛቱ በ2009 የታክስ ድጋፉን አሻሻለለት፤ ውድድሩ በ2011 መጣ፣ ከ2020 በኋላ ሄደ። በ2021 ሜዳው የፎርድ ኩባንያ ቺፕ ያልተገጠመላቸውን የጭነት መኪኖች የሚያቆምበት ግቢ ሆኖ ነበር።

የሃይማኖቱ መኖር በኢኮኖሚው ላይ ልዩነት የሚያመጣው በሁለት ነገር ይመስለኛል። የሥራ ቦታው የእምነት መግለጫ ለሚፈርም ብቻ ስለሆነ «ለአካባቢው ሕዝብ ሥራ» የሚለው ተስፋ ከመጀመሪያው ጠባብ ነው። ሌላው፣ የሃይማኖት ድርጅት ከንብረት ታክስ ነፃ የመሆን መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነለት ውሉ ያላየው ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ኦርላንዶ ፍሎሪዳ በ2001 የተከፈተውን «ሆሊ ላንድ ኤክስፒሪየንስ» የተባለ መናፈሻ እንይ። ካውንቲው የንብረት ታክስ ክፈል አለው፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ነኝ አለ፣ ክርክሩ ዓመታት ወሰደ፤ በ2005 ፍርድ ቤት ለመናፈሻው ፈረደለት። በ2006 ደግሞ ግዛቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሚያሳዩ መናፈሻዎችን ከታክስ ነፃ የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን ሕዝቡን በነፃ እንዲያስገቡ በማስገደድ። በ2020 አብዛኛው ሠራተኛ ተሰናበተ፤ በ2021 ቦታው ለአንድ የሆስፒታል ድርጅት በ32 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ለዓመታት ያልተሰበሰበው ታክስ ግን ሳይሰበሰብ ቀረ።

በአፍሪካም አለ። የጋና ብሔራዊ ካቴድራል በ2017 ሲታወጅ ምዕመናን ያሠሩታል፣ ጎብኚና ምእመን ከዓለም ዙሪያ ይመጣል ተብሎ ነበር። መንግሥት 58 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካወጣ በኋላ ሥራው በ2022 ቆመ፤ አክራ መሐል ትልቅ ጉድጓድ ቀረ። እዚያስ ጎብኚው ቀርቶ ሕንፃውም አልተገኘም።

አሁን ወደ እርስዎ ከተማ ልምጣ። በማኅበረሰባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። «የእግዚአብሔርን ሥራ ትቃወማለህ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ጥያቄው ለምክር ቤቱ ነው፤ የምክር ቤቱ አባላት የያዙት ደግሞ የነዋሪውን ሁሉ ታክስ ነው፣ የሚያምነውንም የማያምነውንም። የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ በጥንቃቄ እንዲመረመር የምንፈልግ ከሆነ የከተማውም እንዲሁ መመርመር አለበት።

ወደ ስብሰባው ሲሄዱ «ስንት ሰው ይመጣል?» የሚለውን ለሌሎች ይተዉላቸው። ግራንት ካውንቲ ያን ጥያቄ ጠይቆ በቂ የሚመስል መልስ አግኝቶ ነበር። ጥናቱን ማን እንደከፈለ ይጠይቁ፤ ከተማው ራሱ መርጦ የሚከፍለው ሌላ አጥኚ እንዲያየውም ያመልክቱ። ከዚያ የታክስ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያስነብቡ፦ የንብረት ታክስ፣ የደመወዝ ታክስ፣ የሆቴል ታክስ፣ የትኬት ክፍያ። በእያንዳንዱ ላይ ከመቶ ስንቱ ለከተማው፣ ለካውንቲው፣ ለትምህርት ቤቶቹ እንደሚቀር፣ ከስንት ዓመት በኋላም እንደሚጀምር በቁጥር ይንገሯችሁ። «ታክሱ ይጨምራል» የሚል ደፈናዊ መልስ አይቀበሉ። የጨመረው አስቀድሞ ተፈርሞ ለሌላ ተሰጥቶ ከሆነ ለእናንተ አልጨመረም።

ወጪውንም ይጠይቁ። በሰኔና በሐምሌ በቀን ብዙ ሺህ ሰው ሲጨመር አምቡላንሱ፣ ውኃው፣ የፍሳሹ መስመር፣ የፖሊሱ ትርፍ ሰዓት በማን ይከፈላል? ዊሊያምስታውን የ50 ሳንቲሙን ደንብ ያወጣችው መርከቡ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ክርክር ውስጥ የገባችውም ለዚህ ይመስለኛል። ከመፈረሙ በፊት ቢሆን የውሉ አንድ መስመር ሆኖ ያልቅ ነበር።

የቦታውን ካርታ አስዘርግተው ጎብኚው ከመኪናው ወርዶ እስኪመለስ የሚሄድበትን መንገድ ያሳዩዋችሁ። ምግብ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ማደሪያውም ግቢው ውስጥ ከሆነ የአካባቢው ነጋዴ ምን ይሸጣል? ይህ በውል ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ የመኪና ማቆሚያውን ከተማው መሐል ማድረግ ብቻ ብዙ ይለውጣል።

በመጨረሻም ሁለት አንቀጾች በጽሑፍ ይኑሩ። ንብረቱ ለሌላ ወገን ቢተላለፍ ወይም ከታክስ ነፃ ልሁን ቢል ድጋፉ እንደሚቋረጥ የሚል አንዱ፤ የተባለው የሥራ ቦታና ገቢ በተባለው ዓመት ካልደረሰ የተሰጠው በመጠኑ እንደሚመለስ የሚል ሌላው። አመልካቾቹ በቁጥራቸው የሚተማመኑ ከሆነ ሁለተኛውን ለመፈረም አይቸገሩም። ከተቸገሩ፣ ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ምክንያታቸውን በስብሰባው ፊት እንዲያስረዱ ይጠይቁልን፤ መልሳቸውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።